የተረሳሱ ዓሦች

ሻፕላዳንጋ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1998

ለአክስቴ ለኮሂኑር ኻላ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባባ ሳል ለቆታል። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው።

የምጽፍልዎት ቶሁራ ነኝ፤ የአክስትዎ ልጅ የሩኪያ ትንሿ ልጅ። ከአገር ሲወጡ ገና እድህ ስለነበር አያስታውሱኝ ይሆናል። እማማ «ሰባተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩሽ ለመቼ ነው? ጻፊ እንጂ!» ብላኝ ነው። ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ወረቀት ላይ ግን ትንሽ ይሻለኛል።

እህቴ ሼፋሊ ልታገባ ነው። ሙሽራው ከወንዙ ማዶ ነው፤ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ቀኑ ከኢድ በፊት ያለው አርብ፣ ኤፕሪል 3 ነው። እማማ እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብላኛለች፦ «የሙሽራው ወገኖች ሬዲዮ ይፈልጋሉ። በአፋቸው አላሉም፤ ግን ቤታችን የመጡ ጊዜ ባዶውን መደርደሪያ ደጋግመው ሲያዩት ነበር። ኮሂኑር ከጀርመን አንድ ብትልክልን አላህ ይክፈላት።» እኔ መጠየቁ ያሳፍረኛል፣ ኻላ። ይህን ማለት የደፈርኩት እማማ ማንበብ ስለማትችል ነው።

የዓሣ ሐኪም እንደሆኑ እማማ ነግራናለች። እኔም ዓሣ አያለሁ። ማየት ብቻ ነው እንጂ ሌላ አላውቅም። የመጠጥ ኩሬያችንን ያስታውሱታል? ዙሪያው ሁሉ የሽሪምፕ እርሻ ሆኖ ጨው ሆኗል፤ ጣፋጭ ውሃ ያለው እሱ ብቻ ነው። ዛሬም ማንም እግሩን አያስነካውም። የሰፈሩ አያት ኢድሪስ ናና ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል፤ ዳክዬ ከቀረበ ባለቤቷን ጭምር ይሰድባል። እኔ ውሃ ልቀዳ በኩሬው የድንጋይ ደረጃ ስወርድ የመጨረሻው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። እዚያ አንጁዎች አሉ፤ እነዚያ ከጣት የሚያንሱት፣ ሰማያዊና ወርቅማ መስመር ያላቸው። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራሉ። መጀመሪያ የዞረውን ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ እጠብቃለሁ፤ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ማን ነው የሚነግራቸው? እርስዎ ተምረዋልና ያውቁ ይሆናል።

ውሃው ሰሞኑን ትንሽ አረንጓዴ ሆኗል። ሙቀቱ ቀድሞ መጥቷል።

አክባሪዎ ቶሁራ


ሃምቡርግ፣ ማርች 1 ቀን 1998

ለውዷ ቶሁራ፣

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የሼፋሊን ትዳር የበረከት ያድርገው። ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ስትድሂ አስታውስሻለሁ። ስታለቅሺ እንኳ ድምፅ አልነበረሽም፤ እናትሽ የምታውቀው ፊትሽን አይታ ነበር።

ለእናትሽ ንገሪያት፦ ሬዲዮው ይመጣል። አንድ የኩልና ከተማ ሰው ወደ አገር ስለሚገባ በእሱ እልካለሁ። ሌላውን ግን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። የዓሣ ሐኪም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዓሣ ገንዳ አጣቢ ነኝ፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ የሞተውን አወጣለሁ። ወሬውን ማን እንዳስነሳው አላውቅም። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩት ነገር ደግሞ ውሎ ሲያድር እውነት መሰለ።

አሁን የምጽፍልሽን ግን አታምኚኝም። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን ክፍሉን ከፈቱልኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ በብርጭቆ የተሠራ ገንዳ፣ ገንዳ፣ ገንዳ ነው። በየአንዳንዱ ውስጥ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንጁ! የእኛ የቦይ ዓሣ! ድመት እንኳ ካልራባት የማትበላው! እዚህ ግን ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተጎንብሰው ያዩታል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ደወል ይጮኻል። እኔ ብርድ ሲመታኝ ማንም ደወል አይደውልም። ሳቅኩ። አለቃዬ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «እነዚህ የሰፈሬ ልጆች ናቸው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ነበር።

ማን ይነግራቸዋል ላልሽው፣ እነዚህ የተማሩት ሰዎች ራሳቸው ይህንኑ ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ፕሮፌሰሩን ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቅንቆ «ገና ነን» አለኝ። እኔም ምሳዬን የምበላው ዓሦቹ ፊት ነው፤ ሲዞሩ አያለሁ። እንዳንቺው የመጀመሪያውን አይቼው አላውቅም።

አንቺም እያየሽ ጻፊልኝ።

ኮሂኑር ኻላሽ


ሻፕላዳንጋ፣ ማርች 15 ቀን 1998

ለውድ ኻላዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ከብርዱ ይሰውርዎት፤ ለእርስዎም ደወል የሚደውል ሰው ይስጥዎት። ገንዳ ማጠብዎን ለማንም አልነገርኩም። ሌላውን ለእማማ ሳነብላት አንጁ ጀርመን እንዳለ ሰምታ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ «ስለ ባሏ አንድ ቃል የለም?» አለች። ወረቀቱን ገለበጥኩላት። የለም።

ዛሬ የምጽፈው ቸኩዬ ነው። ኩሬው ባለፈው ሰሞን በጣም አረንጓዴ ሆነ። በውሃ የቀጠኑት ቀለም ይመስል ነበር፤ ነፋሱ ወደ ደረጃው ሲገፋው ወፍራም ሆኖ ይጋገራል፤ ይሸታልም። ሰርጉ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቱቴ የሚባለውን ሰማያዊ ድንጋይ ከገበያ አስመጡ፤ የሽሪምፕ ሰዎች አረንጓዴ የሚገድሉበት ነው። በከረጢት አስረው በጀልባ እየጎተቱ ኩሬውን አዞሩት። በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴው ነጣ፣ ሰመጠ። አሁን ውሃው እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ኢድሪስ ናና «መስታወት! ሳንቲም ብጥል ከታች ቁጥሩን አነበዋለሁ!» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ይጠራል። ጠዋት ጠዋት ሰው ፊት በእፍኙ ይጠጣል። ሴቶቹ ለነገሩ ያፈሉታል፤ የጤና ሠራተኛዋ አፍሉ ስላለች።

ኻላ፣ ዓሦቹ አልሞቱም። ይዋኛሉ፣ ይበላሉ። ግን መንጋው የለም። አንዱ እዚህ ነው፣ አንዱ እዚያ። አንዱ ሲዞር ሌላው አይዞርም። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ግንብ እንዳገኙ ዘወር ይላሉ። ከትናንት ወዲያ አንዱ ደረጃው ጥግ ላይ አፉን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ሲቆም አየሁት። ስመለስም እዚያው ነበር። ፈራሁ። ዓሣ ሲሞት አይቻለሁ፣ አያስፈራኝም። ይህ ግን እርስ በርስ የተረሳሱ ይመስላል።

ቤታችን የዝናብ ውሃ ጋን ውስጥ የወባ ትንኝ ትል እንዲበሉ የጣልናቸው አንጁዎች አሉ፤ ዐምና ከዚሁ ኩሬ ነው ያመጣናቸው። እነሱ አሁንም አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ ነገሩ ከውሃው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ለሼፋሊ የምሰጣትን ውሃ ከጋኑ በድብቅ እቀዳለሁ። እማማ ዛሬ ክዳኑን አንስታ «ይሄ ጋን ተሰነጠቀ ወይስ ጂን ይጠጣዋል?» ብላ ጮኸች። እኔ ጓሮ መጥረግ ያዝኩ።

ለሰው ልናገር ሞከርኩ። ደረጃው ላይ ተጎንብሼ ሳይ ጎረቤታችን ሻሂዳ ቡ አገኘችኝ። «እዩዋት፣ ዛሬም ከዓሦቹ ጋር ጉባኤ ተቀምጣለች!» አለች። «ከመካከላቸው አንዱን መርጣለች መሰለኝ።»

ሌላዋ ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ጥሎሹ ርካሽ ነው። አንድ እፍኝ ሩዝ!» አለች። ሁሉም ሳቁ።

ኢድሪስ ናናን ብቻውን ሳገኘው «ናና፣ ዓሦቹ…» አልኩት።

«ዓሦቹ ምን ሆኑ?»

«…ምንም።»

ይህን ያህል ነው ያልኩት።  የሰርጉ ዋዜማ ሐሙስ ለሼፋሊ መታጠቢያ ውሃ ይቀዳል፤ አርብ ወንዝ ማዶ ያሉት ሁሉ መጥተው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ የሩዙም ውሃ ከዚያው ነው። ሬዲዮውን ይተዉት፣ ኻላ። የምለምንዎት አንድ መልስ ነው፦ እርስዎ ጋ ያሉት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?

ቶሁራ


ሃምቡርግ፣ ማርች 27 ቀን 1998

ቶሁራዬ፣

አላህ ይጠብቃችሁ። ሰላምታውን ላሳጥረው። ውሃውን አትጠጡ። አታብስሉበት። ማፍላት አያድነውም።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። አዎ፣ እንዲህ ሆነው አይቻቸዋለሁ። ባለፈው በጋ ከአንድ ሐይቅ ላይ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር በጠርሙስ አመጡ። አልጌ ይሉታል። ከእሱ ያወጡትን ጥቂት ጠብታ አንድ ገንዳ ውስጥ ጨመሩ። እንደ ልማዴ ምሳዬን ይዤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። አንድም አልሞተም። ውሃው እንደ እንባ የጠራ ነበር። ዓሦቹ ግን ቀስ በቀስ ተለያዩ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጥግ ያዘ። አጠገቡ ያለው ገንዳ መንጋው እንዳለ ይዞራል፤ በመካከላቸው ያለው አንድ የብርጭቆ ግድግዳ ብቻ ነው። ምሳዬን መጨረስ አቃተኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ፕሮፌሰሩን በር ላይ ያዝኩት። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ የጻፍሽውን ነገርኩት። «ሰማያዊውን ድንጋይ ጨመሩበት?» አለኝና ፊቱ ተለወጠ። እንደነገረኝ መርዙ አረንጓዴው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ሲገድሉት ይፈነዳና ያለው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይፈሳል። አረንጓዴው ሲጠፋ ውሃው የዳነ ይመስላል፤ የባሰው ግን ያኔ ነው። ሰው ላይ ጉበትን ይይዛል። ዓሦቹ ላይ ገና ሳይታመሙ አብሮነታቸውን እንደሚያጠፋው እሱም እያየ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና አያውቅም። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው።

ስልክ ሞከርኩ። ባገርሃት ከተማ ያለውን የስልክ ሱቅ አገኘሁት። «ሻፕላዳንጋ መልእክት አድርስልኝ፣ የዓሦቹ ነገር እውነት ነው በላቸው» አልኩት። «እህቴ፣ ከጀርመን ድረስ ደውለሽ ስለ ዓሣ?» አለኝ። ከዚያ «የትኛው ዓሣ፣ ኢሊሽ ነው ወይስ ሩዊ?» ብሎ ሳቀ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል አያነሳም።

ደብዳቤው በፍጥነት እንዲሄድ ከፍያለሁ። ቢሆንም እስከ ሰርጉ አርብ እንደማይደርስ አውቃለሁ። እንደሚደርስ ቆጥሬ እጽፋለሁ። ቶሁራ፣ ያየሽው እውነት ነው። ይህን ቃል በምንም መንገድ ልሰድልሽ ብችል ኖሮ!

ስለ አጎትሽ፣ ስለ ባለቤቴ፣ እናትሽ ጠይቃለች። ሌላ ጊዜ።

ኮሂኑር ኻላሽ


ሻፕላዳንጋ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1998

ለውድ ኻላዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ለእኛ ብለው በሮጡበት እግርዎ አላህ በጎ መንገድ ያስረግጥዎት። ደብዳቤዎ የደረሰው ቅዳሜ ነው፤ ሼፋሊ ወንዙን ከተሻገረች በኋላ። ከሰርጉ በፊት በየቀኑ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ፖስተኛው «ከጀርመን ባል ነው የምትጠብቂው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የሆነውን ልንገርዎት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሼፋሊ እርድ ተቀብታ የምትታጠብበትን ውሃ ሊቀዱ እንስራቸውን ይዘው እየዘፈኑ ወጡ። ሰፌዱን የምትይዘው የሙሽራዋ ታናሽ እህት ስለሆነች እኔ ከፊት ነበርኩ። እርዱ፣ ሣሩ፣ ሩዙና መብራቱ ሰፌዱ ላይ ነው። እርስዎም ያውቁታል፣ ሰፌዱ መጨረሻው ደረጃ ላይ ሳይቀመጥ አንዲት እንስራ ውሃ አትነካም። መንገዱን ሙሉ ማሰብ የቻልኩት ይህንን ብቻ ነበር።

ደረጃውን ወረድኩ። ውሃው በጣም ያምር ነበር፣ ኻላ። ሰማዩ ገብቶበታል። ዘፈኑ አለቀ፤ ሴቶቹ እንስራቸውን ከወገባቸው አወረዱ። እኔ ሰፌዱን አላስቀመጥኩም።

«ቶሁራ፣ አስቀምጪው» አለች እማማ።

ቆምኩ።

«ምን ሆነች? ቅናት ነው?» አለች አንዷ። «ሙሽራው አስቀናት!»

«ሰፌዱ ከእጇ ጋር ተሰፋ እንዴ?» አለች ሻሂዳ ቡ።

ሰፌዱን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ኢድሪስ ናና ዱላውን እያስመታ ወረደ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። ፊቴን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «የዚያን ቀን ልትነግሪኝ ጀምረሽ ነበር። ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዓሦቹን እዩ» አልኩ።

ሰው ፊት እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ናና ከሰፌዱ ላይ እፍኝ ሩዝ አንስቶ በተነ። ሩዙ ሲወርድ እስከ ታች ይታያል። አንድ ዓሣ መጣ፣ በላ። አጠገቡ ያለው አላየውም። ሌላው ሩቅ ቆሞ ነበር፣ እዚያው ቀረ። ናና ደግሞ በተነ። ሁሉም ወደ ውሃው ተጎነበሱ። እነዚህ ሴቶች በሙሉ ልጅ ሆነው እዚያ ደረጃ ላይ ሩዝ ጥለዋል።

ሻሂዳ ቡ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እንደ አንድ እጅ ነበር የሚመጡት» አለች። «እንደ አንድ እጅ። ያ እጅ የት ሄደ?»

«የእኛ ጋን ውስጥ ያሉት ደህና ናቸው» አልኩ። ሁለተኛውን መናገር ቀላል ነበር። ናና እንዲመጡ አዘዘ፤ እማማ በነሐስ ሳህን አመጣቻቸው። ተሰብስበው ይዞራሉ፤ ጥላ ሲያርፍባቸው አንድ ላይ ይታጠፋሉ። ናና ሳህኑን ኩሬው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየ። ሁሉም አብሮት አየ። ዱላውን ደረጃው ላይ አጋደመው፤ እሱ ዱላ ካጋደመ ማንም አይሻገርም።

አባባ ያን ጊዜ ደረሰ። «ሰው ጠርቻለሁ!» አለ። «ነገ ምን ላጠጣቸው ነው? እንባዬን?» ወደ እኔ ሲያይ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።  ጋኖቻችን ምን ያህል እንደጎደሉ ሁሉም ያውቃል፤ ዝናቡ ገና ነው።

ሻሂዳ ቡ ባዶ እንስራዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች። ተናዳ የሄደች መስሎኝ ነበር። ስትመለስ እንስራው ሞልቶ ወገቧን አጉብጧታል። የዝናብ ውሃ ነው። «ይኼው!» አለችኝ። «ለክረምት መግቢያ ያቆየሁት ነው። ለዓሣው ባልሽ ንገሪው፣ ጥሎሹን እኔ ከፈልኩለት!»

ከዚያ ሌላዋ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ጋኗን አሟጣ የመጨረሻዋን ያመጣች አለች፤ ዝገት ያለባት ቆርቆሮ ይዛ የመጣች አለች። ሼፋሊን ያጠብናት በሁሉም ቤት ጣሪያ ላይ በወረደ ዝናብ ነው። አርብም ሩዙ በዚያው በሰለ። የሙሽራው አጎት የተሰጠውን ኩባያ አይቶ «እዚህ አገር ውሃ በመድኃኒት ማንኪያ ነው የሚታደለው?» ብሎ ቀለደ። አባባ አንገቱን ደፋ፤ ሰዎቹ ግን ጠጡ።

አሁን ውሃ የምናመጣው ሁለት ወንዝ ተሻግረን በጀልባ ነው። እናቶች ይደክማሉ። «ልጅቷ ባትናገር ኖሮ» የሚሉም አሉ። ኢድሪስ ናና ግን ተኝቷል። ያን የጠራ ውሃ ስንት ጠዋት ጠጥቶ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ምግብ ይገፋል። ደብዳቤዎን አልጋው አጠገብ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «መስታወት ነው ስል ነበር» አለ። ከዚያ እጄን ይዞ «እኔ ውሃውን ነው የጠበቅኩት፤ አንቺ በውስጡ ያሉትን አየሽ» አለኝ። እንዲድን ዱዓ ያድርጉለት።

ማታ ስተኛ አንድ ነገር ያስደንቀኛል። የእርስዎ የብርጭቆ ገንዳና የእኛ ኩሬ ምን ያህል ይራራቃሉ? አንድ መርዝ ሁለቱም ጋ ገብቶ መጀመሪያ የነካው አንድ ነገር ነው። አብረው እንዲዞሩ ማን እንደሚነግራቸው የማናውቀውን፣ ያንኑ።

ቶሁራ


ሃምቡርግ፣ ሜይ 10 ቀን 1998

ቶሁራዬ፣

ኢድሪስ ናናን አላህ ይማረው፤ በየሶላቴ አለ። ሬዲዮው ለሼፋሊ ደርሶ ይሆናል።

እናትሽ ለጠየቀችው መልስ ይኸው። አጎትሽ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤት ነው የሚኖረው፤ ቆየ። ያልጻፍኩት የሰው አፍ ፈርቼ ነው። መጀመሪያ አገር ውስጥ ያሉትን ሸሸሁ፤ ከዚያ እዚህ ያሉትን የአገሬን ልጆች ሸሸሁ፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ዘወር እላለሁ። ምሳዬን ዓሣ ፊት የምበላው ለምን ይመስልሻል? ሰፌዱን ይዘሽ መቆምሽን ካነበብኩ ጀምሮ ይህን ለመጻፍ ወረቀት ስቀድ ከረምኩ። ለእናትሽ አንብቢላት። ሁሉንም፣ ገንዳ ማጠቤንም።

ኮሂኑር ኻላሽ


ሻፕላዳንጋ፣ ጁን 24 ቀን 1998

ለውድ ኻላዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ዝናቡ ገብቷል፤ የምጽፍልዎት የጣሪያው ድምፅ እያደነቆረኝ ነው። ጋኖቹ ሁሉ ሞልተው ይፈሳሉ። ናና ተነስቷል፤ ከስቶ ዱላው የወፈረ ይመስላል፤ ዳክዬ መስደብ ግን ጀምሯል። ከኩሬው እስከ ክረምቱ ማብቂያ ማንም አይቀዳም፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና ቱቴ እንዳይገባበት ተስማምተዋል።

ሁሉንም ለእማማ አነበብኩላት። መጨረሻውን ደግማ አስነበበችኝ። ከዚያ «ገንዳ ማጠብ ምን ነውር አለው? ዓሣ ያጥባል እንዴ ራሱን?» አለች፤ አልቅሳም ነበር። ቀጥሎ የነገረችኝን እንዳለ እጽፋለሁ፦ «የእርሷ መኝታ እኔ አጠገብ ነው፤ ልጅ ሆነንም እዚያ ነበር የምትተኛው። ትምጣ።»

ትናንት ዝናቡ ጋብ ሲል ናና ኩሬው በአዲስ ዝናብ መሙላቱን አይቶ የጋኑን ዓሦች ወደ ኩሬው እንድመልሳቸው ጠራኝ። ሻሂዳ ቡም መጣች፤ «ሙሽሮቹን ልሸኝ» ብላ። ሳህኑን አዘነበልኩ። ወረዱና ተሰበሰቡ፣ ዞሩ። ከድሮዎቹ የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንዱ የደረጃው ጥግ ላይ ነበር፣ ያ አፉን ድንጋዩ ላይ የሚያደርገው መሰለኝ። መንጋው በአጠገቡ አለፈ። አልተነቃነቀም። ተመልሶ አለፈ። ሻሂዳ ቡ እጄን ጨምቃ ይዛ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ እሱም ዞረ።

መጀመሪያ የዞረው የቱ እንደነበረ አሁንም አላየሁም፣ ኻላ። ያ ብቸኛው ግን ዞሮ ከመሃላቸው ገባ፣ ከዚያ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ቶሁራ